የጸጸተኝን ስልክ “ተበላሽቷል” ብዬ ልመልሰው?

የአባዶ ነዋሪ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አሥር ወር የጠበቅሁት ዕቁብ ባለፈው ዓርብ ወጣልኝና በማግሥቱ መገናኛ ወርጄ አይፎን 15 በ118,000 ብር ገዛሁ። ስልኩ አንዳች እንከን የለበትም። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ተቀብላኝ ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ “ያምራል” አለች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሮጌው ስልኬ ይደውላል፣ የባንክ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ ካሜራው ከመድከሙ በቀር ምንም አልጎደለበትም ነበር።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እንዲህ አለኝ፦ “ካሜራው ይደበዝዛል፣ ራሱን በራሱ ያጠፋል በልና መልስ። አራት ቀን ነው የያዝኸው፤ ማን ያውቅብሃል?” ደረሰኝ ተሰጥቶኛል። ሻጩ “ብልሽት ከተገኘበት በሰባት ቀን ውስጥ እንቀይራለን ወይም እንመልሳለን” ብሎኛል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሱቁ ትልቅ ነው፣ ባለቤቱም የተቸገረ አይመስልም። እኔ ግን ብሩ ያስፈልገኛል። በእናንተ ሚዛን ይህ ነገር ምን ያህል ይከብዳል? እባካችሁ በግልጽ ንገሩኝ።

ባለሱቅ ከአያት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት መጠየቅህን አከብራለሁ። አያት አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ ስሸጥ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። “የተቸገረ አይመስልም” ካልኸው ልጀምር። መደርደሪያው ላይ ከምታየው ዕቃ ግማሹ ከአስመጪ በዱቤ የመጣ ነው። በ118,000 ብር ከተሸጠ ስልክ ለእኔ የሚተርፈኝ ሦስት ሺህ፣ ቢበዛ አራት ሺህ ብር ነው። ካርቶኑ ተከፍቶ ስልኩ ሥራ ከጀመረ የአምራቹ ዋስትና መቁጠር ይጀምራል። ገዢ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። አስመጪው ደግሞ ደህና የሆነ ዕቃ ተከፍቶ ቢመጣ አይቀበለኝም። አንተ የመለስኸው አንድ ስልክ የሦስት ስልክ ትርፍ ይበላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሠርጉ ወር በጥር፣ አንድ ጨዋ የሚመስል ወጣት ሐሙስ ዕለት ካሜራ በ85,000 ብር ገዛኝ። ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ምስሉን አያጠራም” አለኝ። አመንሁትና ገንዘቡን ቆጥሬ መለስሁለት። ማታ ዘግቼ ከመግባቴ በፊት አዲስ ሜሞሪ ካርድ አስገብቼ አንድ ፎቶ አነሳሁበት። ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው። የፎቶው ተራ ቁጥር ግን 2318 ብሎ ወጣ። አዲስ ካሜራ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ማንጠልጠያውን ሳገላብጥ በስፌቱ ውስጥ ሙሽራ ሲገባ የሚበተነው የወርቅማ ወረቀት ብናኝ ገብቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሠርግ ሲያነሳበት ሰንብቶ ነው የመለሰልኝ፤ ለካሜራ ኪራይ ይከፍል የነበረውን እኔ ከፈልሁለት።

“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለውን ወረቀት የለጠፍሁት በዚያው ሳምንት ነው። በወሩ አንዲት እናት ለልጃቸው የገዙትን ታብሌት ይዘው መጡ፤ ቻርጅ አይቀበልም። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ምንም ሳይናገሩ ታብሌቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። በኋላ ሳስበው ታብሌቱ በእርግጥ የተበላሸ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ የ85,000 ብር ካሜራ አይደለም፤ እኒያ እናት ናቸው።

ጠበቃ ነኝ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40)

ባለሱቁ ስለ እናትየዋ ያነሡት መልካም ነው፤ ያን ቀን ሕጉ ከእናትየዋ ጋር ነበርና። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘው ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ ከዚህ ግዴታ ራሱን ነጻ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የአባዶው ወንድማችን የተነገረው “ሰባት ቀን” ሕጉ ከሰጠው ያነሰ ነው፤ ሻጭ ቢጨምር እንጂ ሊቀንስ አይፈቀድለትም። ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው። ደረሰኝ ሳይዙ መብት መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያደክም በየዕለቱ የማየው ነው።

የገዢውም ድርሻ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የገዛውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለት ካየ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። መርምሮ እንከን ያጣበትን ዕቃ “እንከን አለበት” የሚል ሰው ግን በየትኛውም አንቀጽ አይጠለልም። ሕጉ የቆመው ለጉድለት ነው። ለጸጸት የሰጠው የመመለሻ ቀን የለም።

ከኮዬ ፈጬ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10)

ሁላችሁም ስለ ሻጭና ስለ ገዢ ነው የምታወሩት። እኔ ሦስተኛዋ ነኝ፤ የተመለሰውን ዕቃ “አዲስ” ተብሎ የተሸጠልኝ።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ስጦታ ልሰጠው አይፎን 15 ገዛሁ። ካርቶኑ በላስቲክ ታሽጓል። ማታ ወንድሜ ሲከፍተው ቅንብሩ ውስጥ ስለ ባትሪው የሚናገረው ገጽ ላይ ገባ፤ እዚያ ባትሪው መቼ እንደተሠራ፣ ስልኩ መጀመሪያ መቼ ሥራ እንደጀመረና ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ ተጽፏል። ሥራ የጀመረው እኔ ከመግዛቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ቻርጅ የተደረገው 19 ጊዜ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና “እህቴ፣ ያገለገለ ነው የገዛሽው?” አለኝ። ከሰው ፊት ነው የጠየቀኝ፤ እንግዶቹ ገና አልወጡም ነበር።

በማግሥቱ በሁለት ታክሲ ተመልሼ ሱቁ ሄድሁ። ሻጩ “ሰው መልሶት ነው እንጂ ምንም አልሆነም፤ እኔስ የት ልጣለው?” አለኝ። አዎ፣ ሻጩ ዋሽቶኛል። ከእሱ በፊት ግን አንድ ሰው ለእሱ ዋሽቶታል። የማላውቀው ሰው ጸጸት እኔ ጋር ደረሰና የአዲስ ዋጋ ከፈልሁበት። ወንድሜ የአባዶው፣ “ማን ያውቅብሃል?” የተባልኸውን ለእኔ ቤተሰብ ንገራቸው።

ቁርጡን ተናጋሪ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ለነጋዴ ይህን ያህል ማዘን ከየት መጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ የተለቀቀ ዕለት ሁላችንም እዚህ ነበርን። ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ቅዳሜ ዕለት በ42,000 ብር ጠይቄው “ሰኞ እመጣለሁ” ብዬ የተውሁት ላፕቶፕ ሐሙስ ስሄድ 61,000 ብር ሆኖ ጠበቀኝ። ያው ላፕቶፕ ነው፤ ካርቶኑ ጥግ ላይ ያለችው ቅዳድ እንኳን አልተለወጠችም። በአሮጌው ዶላር የመጣ ዕቃ ነው። ያን ዕለት ሻጩ “ገበያው ነው” ነበር ያለኝ። እንግዲያውስ ገዢም ሲመቸው “ገበያው ነው” ቢል ምን አለበት? እኛ ብቻ ሐቀኛ የምንሆንበት ገበያ የት አለ? የአባዶው ወንድሜ ከልጁ የትምህርት ቤት ክፍያና ከአንድ ባለ ፎቅ ነጋዴ ትርፍ የቱን ያስቀድም?

ባለሱቅ ከአያት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

ስለዚያ ሳምንት ያሉት እውነት ነው፤ አልከራከርም። እኔም ዋጋ ጨምሬአለሁ፤ በአሮጌው ዋጋ ብሸጥ በዚያ ብር መልሼ ግማሹን ዕቃ እንኳን መተካት አልችልም ነበር። ያም ሆኖ ቅዳሜ ዕለት ዋጋ ቆርጦ ቃል የገባ ሻጭ ሐሙስ ቢያፈርስ ነውር ነው እላለሁ።

ግን በዚያው ሳምንት የገጠመኝን ልንገርዎ። ከዐሥር ቀን በፊት ላፕቶፕ የገዛኝ መምህር የቁልፍ ሰሌዳው ግማሹ አልሠራ ብሎት መጣ። ሕጉ “ይቀየርለት ወይም ገንዘቡ ይመለስለት” ነው የሚለው። የከፈለውን ገንዘብ ብመልስለት ሕግ አልጣስሁም፤ ላፕቶፑን አስጠግኜ በአዲሱ ዋጋ እሸጠው ነበር። መምህሩ ግን በዚያ ብር የትም ሄዶ መሰሉን አያገኝም። ስለዚህ ያንኑ ዓይነት ከመደርደሪያ አውርጄ ቀየርሁለት። ሰውየው እውነቱን ይዞ ስለ መጣ ነው ይህን ማድረግ የቻልሁት። ያ የካሜራው ልጅ ያን ሳምንት ቢመጣ ኖሮ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ጥገና ቤት ከሰሚት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30)

“ማን ያውቅብሃል?” ለሚለው እኔ ልመልስ፤ ዕቃ ይናገራል። ሲም የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ውኃ ሲነካው ከነጭ ወደ ቀይ የሚለወጥ ምልክት አለ። ላፕቶፕ የባትሪውን ዕድሜ መዝግቦ ይይዛል። ብሎን በሌላ መፍቻ ከተነካ ጥርሱ ላይ ጭረት ይቀራል። “ራሱን በራሱ ያጠፋል” ተብሎ የመጣልኝን ስልክ ሌሊቱን ሙሉ አብርቼ አሳድረዋለሁ። የምርመራ ወረቀት ስጽፍም ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ሻጭም ገዢም “እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ” ብሎኝ ያውቃል።

ገዢዎች ግን ከጸጸትም ከመታለልም የሚድኑት ሱቁ ውስጥ እያሉ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ገንዘቡን ከማስተላለፋችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይከፈት በሉ። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል ስትነኩ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። አይፎን ከሆነ የሞዴል ቁጥሩ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር እዩ፤ ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፣ ኤፍ ከሆነ አምራቹ አድሶ የሸጠው፣ ኤን ከሆነ ለሌላ ሰው በምትክ ተሰጥቶ የነበረ። እኅቴ ከኮዬ እንዳለችው መጀመሪያ ሥራ የጀመረበትን ቀንም ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። “አይከፈትም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ።

የቱሉ ዲምቱ እናት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00)

ልጆቼ፣ የእኔ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ቴሌቪዥን በገዛሁ በዘጠነኛው ቀን ጠፋ፣ አልበራ አለ። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ አምፖሉ እንደ ሻማ ይፈዝዛል። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ “ጠሽ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስታብላይዘር አልነበረኝም። ጎረቤቴ “ስለ መብራቱ አትናገሪ፣ ብቻ ተበላሸ በይ” አለችኝ። ዝም ማለት ውሸት ነውን?

ጥገና ቤት ከሰሚት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡25)

እናቴ፣ የሰሙትን “ጠሽ” ጭምር ይንገሯቸው። እኛ አገር የሚጠበቀው 220 ቮልት ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ከዚያ ወርዶ ቢመጣ ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ፍሪጅ ነው ዝቅተኛ ኃይል የሚያቃጥለው። ቴሌቪዥን የሚጎዳው መብራት ሲመለስ በድንገት የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ነው። ባለሙያ ሲከፍተው የኃይል ሰሌዳው መቃጠሉ ይታያል። ብዙውን ጊዜ መላው ቴሌቪዥን ሳይሆን ያ ሰሌዳ ብቻ ተቀይሮ ይድናል። ደብቀው ቢወስዱት ሻጩ ሲደርስበት በሩን ጭራሽ ይዘጋብዎታል። እውነቱን ይዘው ቢሄዱ ቢያንስ ሰሌዳውን በመግዣ ዋጋ ያስመጣልዎታል። እምቢ ካለዎት ወደ እኔ ይምጡ፤ የእጅ ዋጋ አልጠይቅዎትም።

ኡም ኻሊድ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50)

በእኛ ሃይማኖት ይህ ነገር የቆየ ስም አለው። ገዢና ሻጭ ከተገበያዩበት ቦታ እስካልተለያዩ ድረስ ሁለቱም ውሉን የማፍረስ ምርጫ አላቸው፤ ኺያር ይባላል። ዕቃው ላይ ሻጩ የደበቀው ነውር ከተገኘ ደግሞ ገዢው ከተለያዩ በኋላም የመመለስ መብት አለው። ነውሩን የመግለጽ ግዴታ የሻጩ ነው።

ሌላም አለ፤ ኢቃላ። ገዢው ምንም እንከን ሳይኖር በመጸጸቱ ብቻ “መልስልኝ” ብሎ ሲለምን ሻጩ ቢቀበለው ትልቅ ምንዳ አለው። ሻጩ ግን አይገደድም፤ ለዚህም ነው ምንዳ ያለው። የአባዶው ወንድማችን የባልደረባውን ምክር ቢሰማ ከሁሉም በላይ ይህን ይሰርቀዋል፤ ሰውየው በጎ የማድረግ ዕድሉን ሳያውቅ ያጣል። የሟቹ አባቴ የጨርቅ ሱቅ መርካቶ ነበር። “ተጸጽቼ ነው” ብሎ የመጣን ሰው ጨርቁ ካልተቀደደ ባዶ እጁን አይመልስም ነበር። “ተበላሽቷል” ብሎ የመጣውን ግን ጨርቁን በፀሐይ ዘርግቶ ክር በክር ያየው ነበር።

ከሚኒሶታ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡30)

እዚህ አሜሪካ ያለው ተቃራኒው ነው፤ ምክንያት ሳይጠየቁ መመለስ የተለመደ ነው። አፕል በፈረንጆቹ የካቲት 2 ቀን 2024 ቪዥን ፕሮ የተባለውን ዓይን ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ በ3,499 ዶላር ለገበያ ሲያወጣ ብዙዎች ገዙት። የመመለሻው ጊዜ 14 ቀን ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት “ይከብዳል፣ ራስ ያሳምማል” እያሉ የመለሱ ነበሩ። እንዲመልሱት ተፈቅዷል፤ እውነቱንም ተናግረዋል። እዚያ ላይ ነውር አላይም።

እኔ ያደረግሁት ግን ያን አይደለም። ተማሪ ሳለሁ ለእኅቴ ምረቃ ውድ ካሜራ ገዝቼ ዐሥራ ሁለት ቀን ተጠቅሜበት መለስሁ፤ ስገዛው ጀምሮ እንደምመልሰው አውቅ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ሻጯ ፈገግ ብላ ገንዘቡን መለሰችልኝ። የእኅቴን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር ያች ፈገግታ ትመጣብኛለች። ለመሞከር ገዝቶ አልተስማማኝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለመመለስ ወስኖ መግዛት ግን ሳይከፍሉ መከራየት ነው።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በፈረንጆቹ 2011 የወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በኢንተርኔት ለገዛ ሰው 14 ቀን ይሰጠዋል፤ ዕቃውን በእጁ ነክቶ ሳያየው ስለገዛ። ሱቅ ገብቶ ዓይቶ ለገዛ ይህ መብት የለውም። በኢንተርኔት የገዛውም ቢሆን ዕቃውን ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ ከተገለገለበት የወረደውን ዋጋ እንዲከፍል ይደረጋል። የአባዶው ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ይህን ይዤ ነው የምሄደው፤ “ዋጋው የወረደውን እኔ ልቻለው” በለው።

የአባዶ ነዋሪ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከሥራ ወጥቼ ሄድሁ። መገናኛ ከታክሲ ስወርድ ልቤ ይመታ ነበር። እቤት “ካሜራው ይደበዝዛል” የሚለውን ብዙ ጊዜ ተለማምጄው ስለነበር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የኮዬ ፈጬዋ እኅቴ ወንድም ከእንግዶቹ መሐል ቀና ብሎ ሲያይ ታየኝና ተውሁት።

ለሱቁ ባለቤት እንዲህ አልሁት፦ “ስልኩ ምንም አልሆነም። አቅሜን ሳላይ ነው የገዛሁት። ዋጋው የወረደውን ቀንሰህ ብትቀበለኝ።” ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ስልኩን አብርቶ አየ፣ ቻርጅ የተደረገበትን ቁጥር አየ፤ አራት ይላል። ጥሬ ገንዘብ መመለስ እንደማይችል ነገረኝ፤ የእኔን ብር ለአስመጪው አስተላልፎታል፤ ማስተላለፊያውንም አሳየኝ። ከዚያ “እዚሁ አስቀምጠው፤ በ109,000 ብር ልሽጥልህ፣ ምንም አልወስድብህም፤ ገዢው ግን የተከፈተ መሆኑን ማወቅ አለበት” አለኝ። በአሮጌ የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ ራሴው እንድጽፍ እስክሪብቶ ሰጠኝ። “የተከፈተ። አምስት ቀን ያገለገለ። እንከን የለበትም” ብዬ ጻፍሁ፣ ቀኑን ጨመርሁበት።

ለባለቤቴ ማታ ነገርኋት። ዘጠኝ ሺህ ብር መክሰራችንንም ነገርኋት። ልጁን አስተኝታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ የክፍያውን ቀን ጠየቀችኝ፣ በዚያች ቀን ከደመወዝ ስንት እንደሚቀር አብረን ደመርን።

ዛሬ በዚያ በኩል አልፌ ነበር። ስልኩ አልተሸጠም። መስታወቱ ውስጥ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ከፊቱ ቆሟል። ሁለት ወጣቶች ጎንበስ ብለው ጽሑፌን ሲያነቡ አየሁና እነሱ ሳይገቡ ታክሲዬ መጣ።